ፀሐይና የሳንባ ምች፦ የደጋው ሕፃን ደረት ታሪክ

በአማርኛ የብዙ በሽታዎች ስም የሕዝቡን የቆየ የሕክምና አስተሳሰብ አብሮ ይዞ ይጓዛል። ከእነዚህም አንዱ «የሳንባ ምች» ነው። ምች በሕዝቡ ዘንድ ሰውን በድንገት የሚመታ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከፀሐይ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ያተኩሳል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ከንፈር ያቆስላል። መድኃኒቱ ዳማከሴ መሆኑንም ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ኒሞኒያ የተባለው በሽታ በአማርኛ የተጠራው በዚሁ ስም ነው፤ ሳንባን የመታ ምች እንደ ማለት።

ስሙ ብቻውን ጉዳት የለውም። ከስሙ በስተጀርባ ያለው ፀሐይን የመፍራት ልማድ ግን ውጤቱ ቀላል አልነበረም። በደጋው ሕዝብ ዘንድ ሕፃንን ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከሰው ዓይን መከለል የእናትነት ግዴታ ሆኖ ኖሯል። የኢትዮጵያ የሕፃናት ሕክምና ካስገኛቸው ታላላቅ ቁም ነገሮች አንዱ ደግሞ ይህንን አስተሳሰብ የሚገለብጥ ነው፤ ከምች ለማዳን ሲባል ከፀሐይ የተሸሸገ ሕፃን በዚያው መሸሸግ ምክንያት ለሳንባ ምች ይበልጥ ሊጋለጥ እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ነውና። ይህ ማስረጃ እንዴት እንደ ተገኘ፣ ስለ ሕፃናት ሳንባና ስለ ሰውነት የመከላከያ ኃይል ምን እንደሚያስተምር፣ በላሊበላና በላስታ ደጋ ለሚያገለግል ባለሙያም ምን ትርጉም እንዳለው ማመልከት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋውና ቤቱ

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ ከፍታው ከ4200 ሜትር የሚበልጠው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቆሟል፤ በከተማይቱና በተራራው መካከልም ብዙ የገበሬ መንደሮች ተበትነው ይገኛሉ። ሌሊቱ ብርድ ነው። የላስታ ክብ የድንጋይ ቤት፣ አንዳንዱም ባለ ሁለት ደርብ፣ ይህንን ብርድ ለመቋቋም የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ጠባብ፣ መስኮቱም ትንሽ ነው፤ ከነጭራሹ መስኮት የሌለውም አለ። ምድጃው ከዚያው ከመኖሪያው ይነዳል፤ እንጨት በራቀበት ቦታ ሁሉ ማገዶው ኩበት ነው። ብርዱን ያስቀረው ቤት ስለዚህ ጢሱን ያስቀራል፤ ብርሃኑን ግን አያስገባም።

ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፈው በዚህ ቤት ውስጥ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እስከዚያ ዕለት ድረስ አራሷና ሕፃኑ ቤት ይከተማሉ፤ ከዚያም በኋላ ሕፃኑ ከቤት የሚወጣው በአንቀልባ ታዝሎ፣ ፊቱ በነጠላ ተሸፍኖ ነው። ይህ ልማድ አራሷን ከድካም፣ ጨቅላውንም ከእንግዳ በሽታ የሚጠብቅበት ጥበብ አለው። ነገር ግን ኢትዮጵያ በቱሪስት ማስታወቂያዎቿ «የ13 ወር ፀሐይ አገር» እየተባለች፣ የላሊበላም አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል በዓለም ሲዞር፣ የደጋው ጨቅላ ከዚያች ፀሐይ ድርሻውን ሳያገኝ ያድግ ነበር።

ላስታ በ1973ና በ1984–85 በወሎ በደረሱት ረሀቦች እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ መሆኑም አይዘነጋም። በእነዚያ ዘመናት በመጠለያ ጣቢያዎች ሕፃናትን ከፈጁት መካከል ኩፍኝና እርሱን ተከትሎ የሚመጣው የሳንባ ምች ዋናዎቹ ነበሩ። ረሀብ ራሱ ሳይሆን ረሀብ ያዳከመውን ሰውነት ያገኘው ተሕዋስ የብዙዎችን ነፍስ ወሰደ ማለት ይቻላል።

ከሕፃናት ሆስፒታል የተገኘው ማስረጃ

ዘመናዊ የሕፃናት ሕክምና በኢትዮጵያ የተደራጀው በ1950ዎቹ መጨረሻ ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር በአዲስ አበባ በተቋቋመው፣ በኋላም የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በተባለው ተቋም አማካይነት ነው። ከዚሁ ትብብር የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ከእርሱም በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ተወለደ፤ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብም የዚህ ሥራ ፍሬ ነው።

በሆስፒታሉ ሐኪሞች ዘንድ ቶሎ ግልጽ የሆነ አንድ ነገር ነበር። ፀሐይ በማይታጣባት አገር፣ ከፀሐይ እጥረት ይመጣል የሚባለው ሪኬትስ፣ ይኸውም የሕፃናት አጥንት የሚልፈሰፈስበት በሽታ፣ በብዛት ይታይ ነበር። በ1962 መታተም በጀመረው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይም በ1965 ሪኬትስ በኢትዮጵያ ያለበትን ሁኔታ የሚገልጽ ጥናት ወጣ። ለበሽታው ምክንያት የሆነው የፀሐይ ጉድለት በሰማይ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነበር። በቆዳ ላይ ያረፈ የፀሐይ ጨረር ሰውነት ቫይታሚን ዲን እንዲሠራ ያደርጋል፤ የእናት ጡት ወተት ለሕፃኑ ከሁሉ የተሻለ ምግብ ሆኖ ሳለ የያዘው ቫይታሚን ዲ ግን ጥቂት ነው። ስለሆነም ጡት ብቻ የሚጠባና ከጨለማ የማይወጣ ሕፃን ቫይታሚኑን ከየትም አያገኝም።

ሪኬትስና የሳንባ ምች በአንድ ሕፃን ላይ ተደርበው መታየታቸው ለብዙ ዓመታት በየክፍሉ የታወቀ ቢሆንም፣ መደረቡ የአጋጣሚ ይሁን አይሁን በቁጥር የተመረመረው በኋላ ነው። ዶክተር ሉሉ ሙሄ፣ ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና የውጭ ባልደረቦቻቸው በዚሁ ሆስፒታል በአምስት ዓመታት ውስጥ በሳንባ ምች ታመው የተኙ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 500 ሕፃናትን፣ በዕድሜ ከሚመሳሰሏቸውና የሳንባ ምች ከሌለባቸው ሌሎች 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ በ1997 ላንሴት በተባለው መጽሔት ታተመ። ከሳንባ ምች ታማሚዎቹ መካከል ሪኬትስ የተገኘባቸው 210 ሲሆኑ፣ ከንጽጽሮቹ መካከል ግን 20 ብቻ ነበሩ፤ በመቶኛ 42 እና 4 መሆኑ ነው። የቤተሰቡ ብዛት፣ የልጁ የትውልድ ተራ፣ የቤቱ መጣበብና ጡት ብቻ የጠባበት ጊዜ ርዝመት ከታሰበ በኋላ እንኳ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዙ ዕድል ከሌላው ከ13 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ደረትና የመከላከያ ኃይል

ይህ ቁጥር ሁለት ማብራሪያ ይሻል፤ አንዱ የደረት፣ ሁለተኛው የሰውነት የመከላከያ ኃይል ነው።

ደረት እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው። ድያፍራም ወደ ታች ሲሳብ ጎድኖች ወደ ውጭ ይሰፋሉ፤ አየርም ይገባል። የወናፉ አካል ከላላ ግን እጅ ምንም ያህል ቢደክም እሳቱ አይነድም። ሪኬትስ የያዘው ሕፃን ጎድኖች ለስላሳ ስለሆኑ ድያፍራም ወደ ታች ሲሳብ እነርሱ ወደ ውጭ በመስፋት ፈንታ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ። ጡንቻውም ስለሚዝል ሳሉ ደካማ ይሆናል፤ አክታው ከሳንባው ሥር ይተኛል፣ ከፊሉ ሳንባም አየር አጥቶ ይጨማደዳል። በጎድኖቹ ጫፍ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው በእጅ የሚዳሰሱት እብጠቶች የዚህ ድክመት ምልክቶች ናቸው።

የመከላከያው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ሳንባ በየትንፋሹ ከውጭው ዓለም ጋር ስለሚገናኝ ጠባቂዎቹ ብዙ ናቸው። በአየር ቧንቧው ላይ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭራዎች አክታን ከነተሕዋሱ ወደ ላይ ይጠርጋሉ፤ ጢስ ይህን ሥራ ያደነዝዛል። ይህን አልፎ የገባውን በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ የሚጠብቁት ተሕዋስን የሚውጡ ሕዋሳት ናቸው። በ2006 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ምርምር እነዚህን የመሰሉ ሕዋሳት ጠላት መኖሩን ሲያውቁ በቫይታሚን ዲ አማካይነት ተሕዋስን የሚገድል ንጥረ ነገር እንደሚያመነጩ አሳየ፤ ቫይታሚኑ ባነሰበት ደም ይህ መሣሪያ ይደክማል። የአጥንት ቫይታሚን ተብሎ ብቻ ይታወቅ የነበረው ነገር የመከላከያም ሆኖ ተገኘ።

የሕፃኑ የመከላከያ ኃይል ሌላም ድክመት አለበት። ኒሞኮከስ የተባለው ዋናው የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ በስኳር መሰል ሽፋን የተከናነበ ነው፤ ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ደግሞ በዚህ ሽፋን ላይ ብቁ አንቲቦዲ መሥራት አይችልም። አዲሶቹ ክትባቶች ሽፋኑን ከፕሮቲን ጋር አጣምረው ስለሚያቀርቡለት የሕፃኑ ሰውነት ጠላቱን ያውቀዋል፣ ያስታውሰዋልም። ረሀብ የመከላከያ ሕዋሳት የሚሠለጥኑበትን ታይመስ የተባለ ዕጢ ያኮስሰዋል፤ ኩፍኝ ደግሞ ሰውነት ቀድሞ ያካበተውን ትውስታ ይደመስሳል። በረሀቡ ዘመን ኩፍኝና የሳንባ ምች ተከታትለው የመጡበት ምክንያት ከዚህ ይረዳል።

ቀጭን አየር

በላስታ በዚህ ሁሉ ላይ ከፍታው ይጨመራል። በ2500 ሜትር ከፍታ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጤናማ የደጋ ሰው ግን ይህንን ይችለዋል። ለዓለም አቀፉ የሥነ ሕይወት ፕሮግራም ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 1500 ሜትር ላይ ያለችውን የአዲ አርቃይንና 3000 ሜትር ላይ ያለችውን የደባርቅን ሕዝብ አጥንተው በ1969 ባወጡት ጽሑፍ ደገኞቹ ሰፋ ያለ ደረት እንዳላቸው ገለጹ። በ1972 በእነዚሁ ቦታዎች ሕፃናት ላይ የታተመው ጥናትም የደጋው ልጆች በቁመትም በክብደትም ከቆላዎቹ የሚበልጡ መሆናቸውን አመለከተ። በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያዊው ዶክተር አምሃ ገብረመድኅን፣ በ3530 ሜትር ከፍታ በምትገኘው በአምባራስ 236 ነዋሪዎችን መርምረው በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ መሆኑን አስታወቁ፤ በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ብዙ የማይርቅ ነው።

ይሁን እንጂ የጤነኛ ጎልማሳ መላመድ ለታመመ ጨቅላ መከታ አይሆንም። ሳንባው በመግል በተሞላ ጊዜ ለሕፃኑ የሚቀረው መጠባበቂያ በደጋ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ ሐኪምን የሚያሳስብ አንድ ነጥብ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለታመመ ሕፃን ኦክስጅን መስጠት የሚገባው የደም ኦክስጅን ሙሌት ከ90 በመቶ በታች ሲወርድ መሆኑን ይመክራል፤ ከ2500 ሜትር በላይ ግን 87 በመቶና ከዚያ በታች እንደ ወሰን ሊወሰድ እንደሚችል ያክላል። ላሊበላ የምትገኘው በዚሁ መስመር ላይ ነው፤ በአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ጫፍ ያሉት መንደሮች ደግሞ ከመስመሩ በላይ ናቸው። መለኪያው 88 ባሳየ ጊዜ ባለሙያው በቁጥሩ ብቻ ሊፈርድ አይችልም፤ የደረቱን መሰርጎድ፣ ጡት መጥባት መቻሉን፣ የንቃቱንም ሁኔታ አብሮ መመልከት አለበት።

የትንፋሽ ቆጠራ

የአዋቂን የሳንባ አቅም ለመለካት በመሣሪያ ውስጥ በኃይል እንዲተነፍስ ይደረጋል። የስምንት ወር ሕፃን ግን «ተንፍስ» ቢባል አይታዘዝም፤ የሳንባውን ሁኔታ የሚናገረው የራሱ ትንፋሽ ነው። ፍራንክ ሻን የተባለው ሐኪም በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ በጎሮካ ሕፃናትን ተከታትሎ በ1984 ያወጣው ጥናት የትንፋሽን ፍጥነት በመቁጠር የሳንባ ምችን መለየት እንደሚቻል አሳየ። ከዚህ የተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰኖች ተደነገጉ፤ ይኸውም ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ነው።

በኢትዮጵያም ይህ ዘዴ ሥር ሰድዷል። በጎንደር ጤና ባለሙያዎች ለሕፃናት በሽታዎች የተቀናጀ ሕክምና ሠልጥነው የሠሩት ሥራ ተመዝኖ በ1997 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከ2010 ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በቀበሌ ደረጃ በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ ተፈቀደ። ገደልና ሸንተረር በበዛበት በላስታ ይህ ውሳኔ ሕይወት አድን ነው። ሆስፒታል ለመድረስ በእግር የሚፈጀው ሰዓት ለጨቅላ ሳንባ እጅግ ረጅም ነውና። እንጥል ወርዷል ተብሎ በባህላዊ ቆራጭ እጅ የሚባክነው ቀንም እንደዚሁ ነው።

አንድ መድኃኒት ብቻ አይበቃም

ከ1997ቱ ጥናት በኋላ፣ ቫይታሚን ዲ ለሕፃናት ሁሉ ቢታደል የሳንባ ምች ይጠፋል የሚል ተስፋ ማደሩ አልቀረም። ይህ በካቡል ተሞከረ። ከ3000 በላይ ለሆኑ ሕፃናት በየሦስት ወሩ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ዲ ወይም አምሳያው ተሰጥቶ በ2012 የታተመው ውጤት የሳንባ ምች እንዳልቀነሰ አሳየ። ጢስ አልባ ምድጃም በማላዊ ከ10000 በላይ በሆኑ ሕፃናት ተሞክሮ በ2017 የወጣው ውጤት ከዚህ አልተለየም።

እነዚህ ጥናቶች የአዲስ አበባውን ግኝት ያፈርሳሉ ማለት አይደለም፤ ትርጉሙን ግን ያስተካክላሉ። በአዲስ አበባ የተለካው የደም ቫይታሚን ማነስ ብቻ ሳይሆን አጥንትን እስኪያጎብጥ ድረስ የቆየ ጉድለት ነው። የተዳከመ ደረት፣ የደከመ መከላከያ፣ የጠበበ ቤት፣ የጨለመ ጥግና የምግብ ማነስ በአንድ ሕፃን ላይ ተባብረው ነበር። በብዙ እጅ የተሠራ ጉዳት በአንድ እንክብል አይፈታም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ መከላከያዎቹም መተባበር ይገባቸዋል። ለዚህም ኢትዮጵያ የሂብን ክትባት በ2007፣ የኒሞኮከስን ክትባት በ2011 በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ማስገባቷ ታላቅ እርምጃ ነው።

የሚቀረው ሥራ

በ2019 በዓለም ከአምስት ዓመት በታች ከሞቱት ሕፃናት 14 በመቶ የሚሆኑትን፣ በቁጥር ከ740000 የሚበልጡትን የገደለው የሳንባ ምች ነው። የዳነውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላል። ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በሃርትፎርድሻየር የተወለዱ ወንዶችን መዝገብ ተከታትለው በ1991 እንደ ገለጹት፣ በጨቅላነታቸው ብሮንካይትስ ወይም የሳንባ ምች የያዛቸው ሰዎች ስልሳ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው በአንድ ሰኮንድ በኃይል የሚያስወጡት ትንፋሽ ከሌሎቹ በ0.17 ሊትር ያነሰ ነበር። የደጋ ገበሬ ዳገት የሚወጣበት ትንፋሽ ገና በአንቀልባ ሳለ ይወሰናል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሕክምናውም በኩል ተስፋ አለ። በ12 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2024 የታተመ ጥናት፣ ኦክስጅንን ከውኃ ውስጥ በሚያርፍ ቱቦ ግፊት እየጠበቁ መስጠት ከተለመደው አሰጣጥ ይልቅ በጽኑ የታመሙ ሕፃናትን እንደሚረዳ አሳይቷል። ነገር ግን ኦክስጅን ያለ መብራት፣ ክትባትም ያለ ማቀዝቀዣ ዋጋ የለውም። በ2021 በሰሜን ወሎ በተካሄደው ጦርነት የጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ በአስርት ዓመታት የተገነባው መከላከያ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ታይቷል።

ከሁሉ የቀለለው ሥራ ግን መብራትም ማቀዝቀዣም አይጠይቅም። ልጅን ፀሐይ ማሞቅ በብዙ የኢትዮጵያ እናቶች ዘንድ ዛሬ የታወቀ ልማድ ሆኗል፤ ይህም የሕፃናት ሐኪሞች፣ የነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምክር ፍሬ ነው። ሕፃኑ ተሸፋፍኖ ወይም ከመስታወት በስተጀርባ ከተቀመጠ ግን ጨረሩ ቆዳው ላይ አያርፍም። ስለሆነም በላስታም ሆነ በሌላው ደጋ የሚሠራ ባለሙያ ትንፋሽ በሚቆጥርባት በዚያች ደቂቃ የጎድኑን ጫፍ በእጁ ሊዳስስ፣ ሕፃኑ ከቤት መውጣት አለመውጣቱን፣ ክትባቱንም መጨረስ አለመጨረሱን ሊጠይቅ ይገባል። ለአራሷም ሲናገር ልማዷን በመንቀፍ ሳይሆን፣ ልጇን ከምች ለመጠበቅ ያላትን ያንኑ ጭንቀት በመያዝ ቢጀምር ይሰማል፤ የምትፈራው ምች ልጇን የሚያገኘው ከደጁ ፀሐይ ይልቅ ከጨለማው ጓዳ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለምና።